ሰው የማይወድቅበት ተኩስ

እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። የፈረንጆቹን ዘጠናዎች የጨረስኳቸው ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ ላውንድሪ ቤት ጓዳ፣ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ የሰው ሸሚዝና ሱሪ ስተኩስ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ደግሞም ሥራዬን የሚንቅ አበሻ ሞልቷል፤ ሠርግ ላይ የሚዘንጥበትን ኮት መልክ ያስያዝኩለት እኔ መሆኔን ከወዲሁ ይወቀው።

የምታነቡትንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አገሬ ሳለሁ ፊደል አልቆጠርኩም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰፈራችን ሲደርስ እኔ ወታደር ቤት ገብቼ ነበር፤ እዚያ የተማርኩት ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ነው። ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን ካናዳ። ሀሁ ያልኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ቶሮንቶ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየው ሕንጻ ምድር ቤት ነው። ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ቄስ አይደሉም። አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው ግን ሌላ ምን ብዬ ልጥራው? የኔታ አልኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ በኋላ ለመዱት፣ ቆይቶ ሰው ሁሉ ከእኔ ሰምቶ የኔታ አላቸው።

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ፊደል ሲንጋደድብኝ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ላይ መስመር ታወጣለህ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ምን ይነካሃል?” ይሉኝ ነበር።

የኔታ የሚወዱት አንድ ነገር ነው፤ ሩጫ። በጋ ሲመጣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኢስት ዮርክ አጠገብ ያለ መናፈሻ ውስጥ የእኛ ሰዎች ይሮጣሉ። ሯጭ ስላችሁ የቴሌቪዥኑን እንዳታስቡ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ የሚከርም ነው፣ ቦርጩን በሁለት እጁ ደግፎ የሚሮጥም አለ። አስጀማሪው የኔታ ናቸው። ክራቫታቸውን አስረው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እርሳስ በሌለው ጥይት የምትጮህ ትንሽ ጥቁር ሽጉጥ ይተኩሳሉ። ድምፅና ጭስ ብቻ ናት፤ ለሩጫ ማስጀመሪያ የተሠራች። አገር ቤትም የትምህርት ቤቶችን ውድድር ሲያስጀምሩ የኖሩት በእንዲህ ዓይነቷ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሽጉጧ ዷ ስትል እኔ ሣር ላይ በአፍ ጢሜ ተደፍቻለሁ። ቀና ስል ሁሉም ይሮጣል። በእኔ ልማድ ይኸ ልክ ነው፤ ሲተኮስ ይሮጣል። ግራ የገባኝ ሴቶቹ ማጨብጨባቸው ነው። የኔታ ከበላዬ ቆመው ነበር።

“ተነስ” አሉኝ። “የተኮስኩት እኔ ነኝ።”

ተነሳሁ። በእጄ የተኮስኩት ሱሪ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ሆኗል። እያራገፍኩ ሳለ ሰዎቹ መናፈሻውን ዞረው ተመለሱ፤ እያለከለኩ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዱ አንዱን በሸሚዙ እየጎተተ። ሁሉም ተመለሱ። እኔ በዕድሜዬ ከተኩስ በኋላ የሮጠ ሰው ሁሉ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አንድም እሑድ አልቀረሁም። አልሮጥም። እሰማለሁ፣ ሲመለሱ አያለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ሕጉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቶሮንቶ እንደ ዛሬው አንድ አልነበረችም፤ ስድስት ቦታ ተከፍላ እያንዳንዱ የራሱ ምክር ቤት ነበረው። የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹ ዛሬም ልብስ ያመጡልኛል። ጎረምሶች መናፈሻ ውስጥ በውሸት ሽጉጥ ተኩሰው የሕፃን ልደት በተኑ። ምክር ቤቱ ደነገጠና ሕግ አወጣ። እውነተኛም ሆነ የውሸት፣ ሽጉጥ የሚመስል ወይም እንደ ሽጉጥ የሚጮህ ማንኛውም ነገር መናፈሻ እንዳይገባ።

እውነቱን ልናገር፣ ሕጉ አላስቀየመኝም። ጠመንጃ የጠገብኩ ሰው ነኝ፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም የሚያፏጨው በእሱ ነው። ችግሩ የኔታን ያሰባቸው አለመኖሩ ነው።

ያን በጋ የኔታ በፊሽካ አስጀመሩ። ግማሹ ሯጭ አልሰማም፣ የሰማውም ግማሽ ሳቀ። አንዱ ታክሲ ነጂ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ “የኔታ፣ መንጃ ፈቃድ ላሳይ?” አላቸው። የኔታ ፊሽካውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ላውንድሪ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ “አንክል፣ አባዬ ኦኬ አይደለም፤ ከሥራ ይመጣል፣ ግድግዳ ያያል” አለችኝ። ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደ አሮጌ ዚፐር እዚህም እዚያም ይይዛታል።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። ለፊሽካ ይህን ያህል ማኩረፍ ምንድን ነው አልኳቸው። እኔ ሰው አጽናና ብትሉኝ እንዲህ ነው የማጽናናው። 

“ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የእኔን እጅ የሚያይባት አንዲት ቅጽበት ነበረችኝ” አሉ። “ፓርኪንግ ውስጥ ትኬቱን ነው የሚያዩት።”

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

መፍትሔው የመጣው በውሻ በኩል ነው። ከላውንድሪ ቤታችን ማዶ ፊቱ እንደ ቲማቲም የቀላ አዳኝ ይኖር ነበር። ሱሪውን ሲያመጣ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የውሻ ፀጉር ነው። ውሻው ተኩስ እንዳይፈራ መናፈሻ ውስጥ ያለማምደው የነበረው የኔታ በያዟት ዓይነት ሽጉጥ ነው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ውሻው የመኪና በር ሲዘጋ አልጋ ሥር ይገባል አለ። በምሬቱ ደስ አለኝ፤ የሚያማርር ካናዳዊ በቀላሉ አይገኝም። ከተናገረው ሁሉ የያዝኩት ግን አንዲት ቃል ነው፤ ኤክስፓየር። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ማንም ሳያግዘኝ በእንግሊዝኛ ያነበብኳት የመጀመሪያዋ ቃል ናት፣ ወተት ካርቶን ላይ።

እየሮጥኩ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ሕጉ ቀን አለው አልኳቸው፤ ለሙከራ ነው ያወጡት፣ ቀኑ ሲደርስ ካላደሱት በራሱ ጊዜ ይሞታል።

“እንደ ወተት?”

“እንደ ወተት።”

አሰቡበት። “የእኛ አገር ሕግ አይበላሽም ነበር” አሉ።

“የምንበላሸው እኛ ነበርን” አልኳቸው።

ከፊሽካው ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አዳኙ ቤት ሚቲንግ ተጠራ። የእኛ ሯጮች፣ የአዳኙ ጓደኞች፣ አንድ ውሻ፣ አንድ ሳጥን ዶናት። ከአዳኙ ጓደኞች አንዱ ጢሙ የረዘመ ሰውዬ ተነስቶ፣ ይህን ሕግ ከጣልን በኋላ የጠመንጃ ሕግ የተባለውን ሁሉ እንጥላለን እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። የየኔታ ልጅ ተረጎመችልኝ። እኔም በእሷ በኩል፣ እኔ የመጣሁት ለአንድ ሽማግሌ እጅ ነው፣ አንተን ጠመንጃ ላስታጥቅ አልመጣሁም፣ ጠመንጃ ምን እንደሚሠራ ካላወቅህ ጆሮዬን እየው አልኩት። ጢማሙ ትንሽ አየኝና ዶናት አቀበለኝ። የካናዳ ሰው ስትሰድበው ዶናት ይሰጥሃል። እንዴት አድርጎ እንደሚጣላ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ የሰፈሩን በር ማንኳኳት ጀመርን። እንዲህ ዓይነት ትግል አይቼ አላውቅም። ሌላው ታጋይ ተነሱ ይላል፣ ጩኹ ይላል። እኛ ሰው የምንለምነው ምንም እንዳያደርግ ነው። ለምክር ቤት ሰዎቻችሁ ኮል አድርጋችሁ ሕጉን ለማደስ እጃችሁን እንዳታነሱ በሏቸው፣ አርፈው ይቀመጡ በሏቸው። በብርዱ ይህን ለማስረዳት ቆሜ ሳስበው ራሴን ታዘብኩት። የእኔ ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ “ፕሊስ፣ ሌት ኢት ኤክስፓየር”፣ እባካችሁ ቀኑ ይለፍበት። አንዲት አሮጊት ይህን ሰምተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ቀኑ ያለፈበት የሾርባ ቆርቆሮ በላስቲክ ይዘው ነው። አዝነውልኛል። አዳኙ ከኋላዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሾርባውን ተቀበልኩ፤ በልቼዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀን የኔታ መጡ። ክራቫት አላሰሩም። መጨረሻው ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አዳኙ፣ “የእኔ ፊት ሰልችቷቸዋል፣ አንተ ተናገር” ብሎ ስሜን አስጽፏል። የየኔታ ልጅ ልትተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች። ፊት ለፊት ከተቀመጡት የምክር ቤት አባላት መካከል አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ እሳቸው አያውቁኝም፣ እኔ ግን ነጭ ሸሚዛቸውን ከነዳንቴሉ አውቀዋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ። “እኔ ተኳሽ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ስተኩስ ነው የምውለው።”

ልጅቷ አየችኝ። “አንክል፣ ሹር ነህ?”

“ተርጉሚ።”

ተረጎመች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጢማሙ ብቻውን አጨበጨበ። እኔ ጸጥታው አክብሮት መሰለኝና በርታ በርታ አለኝ። ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ፤ “የእርስዎንም ሸሚዝ ባለፈው ሐሙስ የተኮስኩት እኔ ነኝ።”

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተረጎመች። ሴትዮዋ ደረታቸውን አዩ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ከግድግዳው ተላቆ ቀጥ አለ። አሁን እኔም የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ያን ጊዜ ከኋላ የድሮው የሜዳ ድምፅ መጣ፤ የኔታ ቆመዋል።

“ልብስ በል፣ አንተ። ልብስ። ለእሷ መተኮስ ማለት የእኔ ሽጉጥ ብቻ ነው።”

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ሽጉጥ ሲተኩሱ አይታለች፣ እሷ ቤት ግን ልብስ የሚተኩስ አልነበረም። እኔ ቃል ትቼ እጄን ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋሁ፣ እንፋሎቱንም በአፌ ጨመርኩበት። በአማርኛ ሁለቱ አንድ ቃል መሆኑን አስረዳች። ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁና ሸሚዙ በጣም ጥሩ ነበር አሉ። ጥበቃው ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ሳቁ ሲበርድ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

“እኔ አገር ሲተኮስ ሰው ይሮጣል፣ የሚመለሰው ጥቂት ነው። እዚህ የኔታ ሲተኩሱ ሰው ይሮጣል፣ ዞሮ ሁሉም ይመለሳል። ሌላ ተኩስ መስማት አልፈልግም። ይህን አንዱን ግን አትውሰዱብኝ።”

ልጅቷ ይህን ስትተረጉም ቀስ ብላ ነው፣ እኔንም አላየችኝም። በትክክል እንደተረጎመችው ያወቅኩት የአዳኙ ፊት ከወትሮው የባሰ ሲቀላ ነው።

ሰብሳቢው ሕጉ እንዲታደስ የሚጠይቅ አለ ወይ አለ። ማንም እጁን አላነሳም። አንዱ ወረቀቱን አየ፣ አንዱ ብዕሩን ፈታ፣ ሴትዮዋ እጅጌያቸው ላይ ያልነበረ ክር ለቀሙ። ሰብሳቢው ገጽ ገልብጦ ስለ ቆሻሻ መኪና ማውራት ጀመረ። እኛ ተፋጥጠን ቀረን።

“አለቀ?” አልኩት አዳኙን።

አለቀ አለኝ።

“ምንም እኮ አልተደረገም።”

“ኤግዛክትሊ” አለ።

ክረምቱን ሙሉ የለፋነው ለዚህ ነበር። በኋላ ሴትዮዋ ኮሪደር ላይ አግኝተውን፣ ከሩጫው በፊት ፖሊስ ጣቢያ ኮል አድርጋችሁ ንገሩ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም አሉ። ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን የማዘው ይህንኑ ነው።

ሕጉ ቀኑ ካለፈበት በኋላ በመጣው በጋ፣ የመጀመሪያው እሑድ መናፈሻው ሞላ። የማይሮጠውም መጥቷል፣ አዳኙም ከነውሻው። የኔታ እኔ የተኮስኩትን ሱፍ ለብሰዋል፤ የሱሪው መስመር ዳቦ ይቆርጣል። ክራቫት አስረዋል። መንጃ ፈቃድ ላሳይ ያለው ታክሲ ነጂ ከፊት መስመር ላይ አጎንብሷል፣ ትንፋሹን ይዟል፣ ዓይኑ የየኔታ እጅ ላይ ነው። የሁሉም ዓይን እዚያ ነው። የኔታ ከወትሮው ትንሽ አቆዩት፤ ማንም አልቸኮለም።

ምላጩን ሳቡ። ቃ አለ። ሌላ ድምፅ የለም። ጥይቱ ያን ሁሉ ጊዜ እሳቸው ቤት፣ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ተቀምጦ እርጥበት ጠጥቷል።

የኔታ ሽጉጡን ዓይናቸው አጠገብ አምጥተው አዩት። “ይኸም እንደ ወተቱ ሆነ” አሉ። ሯጮቹ ሳቁ፣ ከመስመሩ ግን አንድም ሰው አልተነቃነቀም። እጃቸውን መልሰው ዘረጉ።

ዷ።

ሰው ሁሉ ሮጠ። ውሻው አልሸሸም፤ እንደ ባለሥልጣን ተቀምጦ አየን። እኔ አንድ ጉልበቴ ሣር ላይ ነው።

“ተነስ” አሉኝ የኔታ፣ እጃቸውን ገና ሳያወርዱ፣ ጭሱ ከራሳቸው በላይ ቆሞ። “የተኮስኩት እኔ ነኝ።”

“ጫማዬን ላስር ነው” አልኳቸው።

የኔታ ጫማዬን አዩ፤ ማሰሪያ የሌለው ነበር።  ሁለታችንም ሰዎቹ ወደሚመለሱበት ወደ ዛፎቹ ዞረን ቆምን።