የአባትየው ፊት

ፊልም ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ፊቱን ሲያዞር ማየት አልችልም። ቤቴ ከሆንኩ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ፤ ሰው ቤት ከሆንኩ ውሃ ልጠጣ ብዬ እነሳለሁ። ልጆቼ «አባዬ ፊልም አይወድም» እያሉ ይስቁብኛል። ፊልምስ እወድ ነበር። ለስምንት ዓመት እንጀራዬ እሱ ነበር፤ ደሴ ውስጥ የሠርግ ካሜራማንም ኤዲተርም ነበርኩ። ያስጠላኝ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስላወቅሁ ነው። ከማወቅም አልፎ ሠርቼዋለሁ።

ጊዜው ወጣቱ ሁሉ ተደራጅ የሚባልበት ነበር። እኔና አንድ ጓደኛዬ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። አንድ ካሜራ፣ አንድ እድሜ የጠገበ ኮምፒውተር፣ መብራት በፈረቃ። ሙያውን ያስተማረን ሰው የለም። ያስተማረን የቀበሌ ስብሰባ ነው። ስብሰባ ቅረጹ እየተባልን እንጠራለን፤ ተናጋሪው ለሦስት ሰዓት ያወራል፤ ሕዝቡ ያንቀላፋል። ቀርጸን ስንመለስ የሚያንቀላፋ ሰው እንጂ የሚያዳምጥ ሰው በካሴቱ ላይ የለም። ምን ይዋጠን ስንል ጓደኛዬ ዘዴ አገኘ። አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ሲጥላቸው አንገታቸው ወደ ፊት ይወድቅና መልሰው ያቀኑታል። ያንን ቆርጦ «ልማታችንን እናፋጥናለን» ከሚለው ንግግር ቀጥሎ አስገባው። ሽማግሌው በስምምነት ራሳቸውን የነቀነቁ መሰሉ! በሳቅ ፈረስን። ሹሞቹም ሲያዩት ደስ አላቸው፤ ሌላ ስብሰባም ሰጡን።

እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ፊት ብቻውን ምንም አይናገርም። ቀድሞት የገባው ምስል ነው የሚናገርለት። ዝም ያለች ሴት ከኬክ ቀጥላ ብትመጣ ደስታ የሞላት ትመስላለች፤ ያቺው ሴት፣ ያው ፊት፣ ከሬሳ ሣጥን ቀጥላ ብትመጣ ኀዘን የሰበራት ናት። ተመልካቹ ራሱ ሞልቶ ይጨርሰዋል። ከዚያ «አየሁት» ይላል። በዚህ ግኝቴ ያኔ በጣም እኮራ ነበር፤ ራሴን ጠቢብ አድርጌ ነበር የማየው። ዛሬ ያንን ኩራቴን ሳስበው የራሴ ገላ ይሸተኛል።

አንድ ሠርግ መጣልን። ሙሽራዋ አስተማሪ ናት። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ማኅበርና ጾም በማይጓደልበት የኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደገችው። ደሴ ለትምህርት መጥታ ጌታን ተቀበለች፤ የምታገባውም ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ የጴንጤ ልጅ ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች። ያሏት አባቷ ብቻ ናቸው፤ ገበሬ ናቸው። የነፍስ አባታቸው እንዳይሄዱ ከልክለዋቸዋል፤ ጎረቤቱም «ሄደህ ብትመጣ እናያለን» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ አልገቡም፤ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ውጭ አጥር ሥር ቆመው ጠበቁ። ሆጤ ሰፈር ወዳለው አዳራሽ ስንሄድ ግን አብረውን መጡ። ሥጋውን አልነኩም፤ ሽሮ ቀርቦላቸው በሉ።

ምሳው ላይ እየዞርኩ ስቀርጽ እሳቸው ዘንድ ደረስኩ። ካሜራው ላይ የታሰረው መብራት እንደ ፀሐይ ነው። ግራ ዓይናቸው ሞራ ነበረበት። ብርሃኑን ድንገት ሳበራባቸው ጉርሻቸውን እያኘኩ ፊታቸውን ጨፍግገው ወደ ጎን ዞሩ። «ይቅርታ አባቴ» ብዬ አለፍኩ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምንም አልነበረም።

ከምሳው በኋላ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ተነሡ። ልጅቷ አባቷ ፊት ደረሰች፤ ጎንበስ አለች፤ ቬሎዋ ወደ ፊት ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ካሴቴ አለቀ። እየተራገምኩ ሌላ ካሴት ስከት ካሜራው ያላየውን በገዛ ዓይኔ አየሁ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ቬሎዋ ላይ አስጠግተው ረጅም ምርቃት መረቋት። ስፒከሩ ይጮሃል፤ ምን እንዳሉ ማንም አልሰማም። ከንፈራቸው ግን ሲንቀሳቀስ፣ ጤነኛ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። እሷም ከጎኗ ያለው ባሏም አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር፣ ሰዉም በዝማሬው ስለተያዘ፣ የሽማግሌውን ፊት ያየ የለም። ካሜራውን ሳነሣ ነገሩ አልቆ፣ አንሥተዋት ስመዋት፣ ወደ ባሏ ቤተሰብ አልፋለች።

ኤዲት ሳደርግ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት መጣብኝ። ልጅቷ ጎንበስ ትላለች፤ ከዚያ ጥቁር። ሦስት ሰከንድ የአባት ፊት ያስፈልገኛል። በካሴቱ ሁሉ ከቅርብ የተቀረጸ የሽማግሌው ፊት አንድ ብቻ ነው፤ ያ የምሳው። ቆርጬ አስገባሁት። አጭር ስለሆነ እንዲረዝምልኝ ስሎ ሞሽን አድርጌ አዘገየሁት። እንባውን ከሰው የሚደብቅ አባት መሰለኝ። ጓደኛዬም ከኋላዬ ቆሞ «ወላሂ አንጀት ይበላል! እንዳትነካው» አለኝ።

ከዚያ ባልየው የመዘምራን ካሴት ይዞ መጣና «በዚህ መዝሙር አድርግልን» አለ። መዝሙሩ ዘመድ ስለናቃትና ስለተዋት ነፍስ የሚያወራ ነበር። እኔ ቃሉን አልሰማሁም። ኤዲተር ቃል አይሰማም፤ ምት ነው የሚሰማው። ከበሮው ሲመታ ፊቱ መዞር እንዲጀምር መዝሙሩን ትንሽ ገፋሁት። ገጠመልኝ። ደስ ብሎኝ እጄን አሻሸሁ።

ያኔ የሠርግ ሲዲ ከቤት ቤት ይዋሳል። ጎረቤት ይወስደዋል፤ ከጎረቤት የጸሎት ቤቱ ኅብረት ሰው ይወስደዋል። ዞሮ ዞሮ የከተማው ግማሽ አየው። እኔ ምን እንዳየ አላወቅሁም። ብዙ ወራት አልፈው አንድ ቀን ባልየው ከኮምቦልቻ መጥቶ ሱቃችን ገባ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«አባቷ ያሉበትን ቦታ ቆርጠህ ታወጣልን?» አለኝ።

«የቱን?»

«ጉልበታቸውን ስትስም ጥርሳቸውን ነክሰው ፊታቸውን ያዞሩባትን። እሷኮ መርቀውኛል ብላ ነበር የምታስበው። አንገቷን ደፍታ ነበራ። ሲዲውን አይታ ነው ያወቀችው። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፤ አባቴ ሳይመርቀኝ ልወልድ ነው እያለች ታለቅሳለች። የኅብረቱ እህቶች ሁሉ እየጸለዩላቸው ነው።»

ጥርሳቸውን ነክሰው! ሽሮ እያኘኩ የነበሩት ሰውዬ ማኘካቸው በስሎ ሞሽን ሲዘገይ የጥርስ ማፋጨት ሆኖ ቁጭ አለ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ምን ላድርግ ወንድሜ፤ ካሜራ ያየውን ነው የሚያሳየው» አልኩ። በሥራዬ ነውር ተገኘ መባልን ፈርቼ ነው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የምጸየፈው ይህን ነው።

ባልየው ሲሄድ ሲዲውን ከፍቼ አየሁት። የሠርግ ኤዲተር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አያየውም፤ እኔም ከዚያ በፊት እንደ ተመልካች አይቼው አላውቅም። ልጅቷ ጎንበስ አለች። መዝሙሩ ዘመዶቿ እንዴት እንደተዋት ይዘምራል። ፊቱ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ እየመረረው፣ ከልጁ ዞረ። ታዲያ ምን ሆንኩ? ሽማግሌውን ጠላኋቸው። መብራቱን ያበራሁት እኔ፣ ሽሮውን ያየሁ እኔ፣ ሲመርቋት ያየሁ ብቸኛው ምስክር እኔ ነኝ፤ ሆኖም ለእነዚያ ሦስት ሰከንዶች «ምን ዓይነት ጨካኝ አባት ነው!» አልኩ። እንባ ነው ብዬ የቆረጥኩት ፊት ከመዝሙሩ ጋር ሆኖ ጥላቻ ወጣው። የቀረውን የሞላው ሰዉ ስለ እሳቸው አስቀድሞ ያወቀው ነገር ነው፤ ጸሎት ቤት አልገቡም፣ ሥጋ አልበሉም፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ዋናውን ካሴት ፈለግሁ፤ እንደ ልማዳችን ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። የምሳው ምስል ጠፍቷል። የቀረው የእኔ ውሸት ብቻ ነው።

ባልየው ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። አባትየው በገበያ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርዱ ያን ቀን እንድመጣ ተስማማን። ሙቀቱ ውስጥ ላብ እያጠመቀኝ ሙሽሮቹ ቤት ደረስኩ። ሽማግሌው ከገበያ መልስ ለልጃቸው እሸት ይዘውላት መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ገጠር መብራት ስለሌለ ሲዲውን አይተውት አያውቁም፤ ስለ እሱም የነገራቸው የለም። የሚያውቁት ልጃቸው እንደቀዘቀዘችባቸው ብቻ ነው። «አዲሱ ሃይማኖትሽ ከአባትሽ ጋር አትብዪ አለሽ ወይ?» ብለዋት ነበር አሉ አንድ ቀን።

የሠራሁትን በሙሉ ነገርኳቸው። ካሴቱ እንዳለቀ፣ መብራቱን፣ ሽሮውን፣ መዝሙሩን። «መርቀውሻል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳት።

ልጅቷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ከዚያ «አምኜሃለሁ ወንድሜ። አንተ ለምን ትዋሻለህ? ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ፊታቸው ነው። ምን ላድርገው?» አለች። ወደ አባቷ ዞራ «እርስዎም ይዩት አባዬ» አለችና ሲዲውን ከተተችው።

ሽማግሌው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። ልጃቸው በነጭ ቬሎ ጎንበስ ስትል ፈገግ አሉ፤ «እሰይ የኔ አበባ» አሉ። ከዚያ የራሳቸው ፊት መጣ። ፈገግታቸው ከንፈራቸው ላይ ደረቀ።

«ድገመው እስቲ» አሉ።

ባልየው ደገመው።

«እኔ ነኝ ይኼ?»

«አባቴ፣ ይኼ ምሳ ላይ ነው!» አልኩ። «መብራቱ ነው ያዞረዎት። እርስዎ ምንም አላደረጉም!»

«መብራቱንማ አልረሳሁም» አሉ፤ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ግን ልጄ፣ ያን ዕለት በልቤ ቅሬታ አልነበረኝም ብል ማርያም ትታዘበኛለች። ሰው ሁሉ አትሂድ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ከልቤ አውጥቼ የጣልኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ፊቴ ላይ ቀርቷል። በአፌ መርቄሽ በፊቴ እንዲህ ካልኩሽ፣ የኔ ምርቃት ምን ምርቃት ነው?» ተነሥተው እጇን ያዙ። «ይቅር በይኝ ልጄ። አላወቅሁም ነበር።»

«አብሽር አባዬ፣ አብሽር» አለች፤ አንተ እያለቻቸው፣ እንደ ሕፃን። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ባልየው «ጌታ ይመስገን!» አለ። እኔ ግን «ኧረ አላጠፉም! አጥፊው እኔ ነኝ!» እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች «ወንድሜ፣ በቃ ተወው፤ ይቅር ብያቸዋለሁ» አለችኝ። ምኑን ነው ይቅር ያለቻቸው? በዓለም ላይ ያልተደረገ ነገር!

ሽማግሌው እንደገና መረቋት፤ አሁን ሁላችንም ሰማን። ምሳ ቀረበ። «ያስታረቅከን አንተ ነህ» ብለው አጎረሱኝ፤ እኔም እየዋጥኩ በላሁ። እምቢ ብዬ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን በላሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባልየው ሱቅ መጣ። እሱና ሚስቱ እርቁን በኅብረቱ ፊት ሊመሰክሩ አስበዋል። ጌታ የአባትየውን ልብ እንዴት እንዳለሰለሰ ሰው በዓይኑ እንዲያይ፣ መጀመሪያ ያ ፊት በስሎ ሞሽን ይግባ፣ ከዚያ አሁን አባትና ልጅ ተቃቅፈው የተነሡት ፎቶ ይቀጥል። «አንተ ታውቅበታለህ» አለኝ። ውሸት መሆኑን ነግሬህ የለም ወይ ማለት ነበረብኝ። ሠራሁለት። መዝሙሩን እንደገና አስተካክዬ፣ ፊቱ ከቀድሞው ይበልጥ ቀስ እንዲል አድርጌ፣ አሳምሬ ሠራሁለት። እጄ ከእኔ ሳይማከር ሠራው።

ያየው ሁሉ ያለቅሳል አሉኝ። ልጅቷም ወንድ ልጅ ወለደች፤ አያትየው በየገበያው ቀን እየወረዱ ያቅፉታል። እንግዳ መጥቶ ያ ሲዲ ሲከፈት ግን፣ ፊታቸው ሊመጣ ሲል ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥተው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ልጅቷ ስትነግረኝ «ያሳዝናሉ፣ እስካሁን ይጸጸታሉ» አለችኝ።