የድንጋይ ላይ ሾፌር

አባቴ ሲሞት የተወልን ንብረት ቢኖር አንዲት ሴይቼንቶ መኪና ነበረች። እሷም ሞታ ነበር። ሞተሯ ወጥቷል፣ ጎማዎቿ ተሸጠዋል፣ ናዝሬት ጓሯችን ውስጥ አራት ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ታሳድር ነበር። ወንድሜ ዶሮዎቹን አባሮ መሪው ፊት ሲቀመጥ እናቴ "ዕቃ ዕቃ ለመጫወት አላረጀህም?" አለችው። እሱ ግን እየተጫወተ አልነበረም። የእሽቅድምድም ነጂ ለመሆን ቆርጦ ነበር፤ በእጁ ያለችው መኪና ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ይታደላል። በዚያ ዘመን ስለ መኪና እሽቅድምድም ማውራት ዱቄት በሌለበት ቤት ድግስ እንደ መጥራት ነው። ወንድሜ ግን በንጉሡ ጊዜ፣ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ መኪኖች በከተማችን ሲሽቀዳደሙ አይቶ ነበር። እኔ ያኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ያ አቧራ ከዓይኑ ሳይወጣ አደገ።

ቀን ቀን ጋራዥ ይውላል፣ ዘይት ያፈሳል፣ የሰው መኪና ያጥባል። ማታ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ድንጋይ ላይ ያለችው መኪና ውስጥ ይገባል። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሥራዬ መንገድ መሆን ነበር። አርሲ ደራ የምትኖረው አክስታችን ዘንድ በአውቶቡስ እመላለስ ስለነበር፣ ልሄድ ስል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አደራ ይሰጠኛል፦ "በመስኮት በኩል ተቀመጪ፣ ከማንም ጋር ወሬ አትያዢ፣ ኩርባዎቹን ሳትጥዪ ይዘሽልኝ ነይ።" ይዤለት እመጣለሁ። ከዚያ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ፣ በአፉ ሞተር እያስነሳ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ እየቀየረ ይነዳል፤ እኔ እጠራለታለሁ። ቀጥ ያለ ነው። የሶደሬው መገንጠያ። ቁልቁለት። ድልድይ። ግራ፣ ሰፊ። ቀኝ፣ ጠባብ፣ ሱታ።

"ሱታ" ኦሮምኛ ነው፣ ቀስ ማለት ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር የሚያሰጋ ኩርባ ሲደርስ ለራሱ "ሱታ፣ ሱታ" ሲል ሰምቼ ነው ያመጣሁለት። ወንድሜ ቃሏን ወደዳት። እኔ "ሱታ" ብዬው ሳይቀንስ ካለፈ ጨዋታው አለቀ። "ሞተሃል፣ ውረድ" እለዋለሁ። ይወርዳል፣ መኪናዋን አንዴ ይዞራታል፣ ተመልሶ ይገባና ከናዝሬት እንጀምራለን።

ሰፈሩ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰፈር አልነበረም። ከአጥር ማዶ አንዱ "የድንጋይ ላይ ሾፌር!" አለው፤ ስሙ በዚያው ወጣ። ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ፣ ዳቦ ቤት ስንሰለፍ፣ "የድንጋይ ላይ ሾፌር እንዴት ዋለ? ጎማ አልፈነዳበትም?" ይሉናል። ሌላው ቀልድ ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል፣ ይህች ስም ግን ከንፈሩን ታነጣዋለች። በዚህ ስም የጠራውን አንድ ልጅ ጥርሱን አራግፎት ነበር። እናቴ ጴንጤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ሰው ቤት ተደብቀው በሹክሹክታ ነው የሚጸልዩት፣ እሷም የስድብ ስም ምን እንደሆነ ታውቃለች። "በእኔ ቤት ያንን ስም የሚያነሳ አፍ እንዳልሰማ" ብላ ለሁላችን ተናገረች። በእኛ ቤት ሁለት ነገር አይገባም ነበር፦ ያ ስምና ውሸት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ለበዓል ማድመቂያ፣ ከናዝሬት ደራ የመኪና ውድድር ይደረጋል ተባለ። ቤንዚኑም ለዚያ ቀን ተፈቀደ። የጋራዡ ባለቤት ፊያቱን ለወንድሜ ሲያውሰው "ብትቧጭራት አንተን ነው የምቧጭርህ" አለው። እናቴ ጸለየችልን፣ እኔ ከጎኑ ገባሁ።

የሞተች መኪና የማታስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ሰውነት ኩርባ ላይ ወዴት እንደሚሄድ አታሳይም። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እኔ በሩ ላይ ተለጠፍኩ፣ እሱ ወደ እኔ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ወደ አስፋልቱ ዳር ሄደች። ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግን ግራ እግሩን የመኪናዋ ወለል ላይ ተክሎ፣ ትከሻውን አስደግፎ ያዛት። ከዚያ በኋላ እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይሄዳል። "ቀኝ፣ ጠባብ፣ ሱታ" ስለው ልክ እንደ ጓሯችን ይቀንሳል፣ ሌሎቹ ኩርባውን ስለማያውቁት ሲንፏቀቁ እኛ አልፈናቸው ወጣን። ድልድዩን ስንሻገር ይስቅ ነበር። ወንድሜን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

አንደኛ ወጣን። ሽልማቱ የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር፤ ሰው በላብ በሚጠመቅበት በናዝሬት ሙቀት! የቀበሌያችን ሊቀመንበር የወንድሜን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳውና "ጓዶች፣ የቀበሌያችን ሾፌር!" አለ። ሰፈሩም ከዚያ ቀን ወዲያ ድንጋዩን ጥሎ "ሾፌሩ" ብቻ ይለው ጀመር። ወንድሜ ሲራመድ እንኳ ቁመቱ የጨመረ መሰለ። አዲስ አበባ ሄዶ ስለመሽቀዳደም ያወራ ነበር። ሁለተኛ ውድድር ግን አልመጣም፤ የእሽቅድምድም ሕይወቱ ከናዝሬት ተነስቶ ደራ ላይ አለቀ።

ሾፌር መሆኑን ግን ሊቀመንበሩ አልረሳውም። ሰሜን ያለው ጦርነት የሚያስፈልገው ጠመንጃ ተሸካሚ ብቻ አልነበረም፣ ስንቅና ጥይት የሚያደርስ ከባድ መኪና ነጂም ይፈልግ ነበር። ከየቀበሌው ሾፌር ይሰጥ ሲባል የእኛ ሊቀመንበር ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። እናቴ ደጁ ላይ ወድቃ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ የነዳው የቤት መኪና ነው፤ የጭነት መኪና አያውቅም፣ ይማሩኝ" ብላ ለመነችው። ከጦሩ የመጣው ሃምሳ አለቃ ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ "እንፈትናለን። ያልቻለ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መኪና ገደል የሚከትብኝ ሾፌር አልፈልግም" አለ።

ወንድሜ የጭነት መኪና ያውቃል። ጋራዡ ውስጥ ከግንብ ግንብ ሲያሽከረክር ኖሯል።

የፈተናው ቀን ጠዋት እናቴ፣ ያቺ ውሸት ቤቷ የማታስገባ ሴት፣ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው። "ልጄ፣ አጥፋው" አለችው። "ሞተሩ በተነሳ ቁጥር አጥፋው። እግዚአብሔር ዛሬ አይቶ እንዳላየ ያልፈናል።" ወንድሜ "እሺ" አለ። እኔ ሳቅ መጥቶብኝ ነበር፤ ሞተር ለማስነሳት ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ ኖሮ ሞተር በማጥፋት ሊድን ነው አልኩ በልቤ።

ፈተናው ኳስ ሜዳው ላይ ነበር። በርሜሎች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የኋሊት መግባት ነው። ሰፈሩ ዙሪያውን ቆሟል። ወንድሜ ወጣ፣ አስነሳ፣ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀው፤ መኪናው ነጥሮ ጠፋ። ሰው ሳቀ። እንደገና አስነሳ፣ እንደገና አጠፋ። ሃምሳ አለቃው ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ነገሩ አልቆ ነበር። አንዴ ብቻ ቢደግመው ኖሮ እራቱን ቤቱ ይበላ ነበር።

ሊቀመንበሩ "አውቆ ነው! እኔ ሲነዳ አይቼዋለሁ!" ብሎ ተነሳ። እናቴ ያኔ ነው የደነገጠችው። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሃምሳ አለቃው ሮጠች፤ ከአፏ ይወጣል ብዬ በሕልሜም ያላሰብኩትን ተናገረች። "ጌታዬ፣ አይስሟቸው። ልጄ ሾፌር አይደለም። ሰፈሩን ይጠይቁ፣ የድንጋይ ላይ ሾፌር ነው የሚሉት።"

ሰፈሩም ልጁን ለማዳን፣ ከልቡ በደግነት፣ ተቀበላት። "እውነቷን ነው! የድንጋይ ላይ ሾፌር ነው!" አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹም "የድንጋይ ላይ ሾፌር!" አሉ። ሜዳው ሙሉ በአንድ አፍ ጠራው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ወንድሜ በመስኮቱ በኩል እናቴን አያት። እኔ ፊቱን አየሁት፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለእሱ ያዋሱት መኪና ነበር። ሞተሩን አስነሳ። ያንን የሚያክል መኪና በርሜሎቹ መካከል የኋሊት አስገባው፣ አንዱንም ሳይነካ አወጣው፣ ሜዳውን ዞሮ እናቴ እግር ሥር ቀጥ አድርጎ አቆመው። እኔ አጥሩን ይዤ "ሱታ፣ ሱታ" እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ያጨበጨበም ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።

የሱፍ ብርድ ልብሱን ይዞ ሄደ። ሰሜን ብርድ ነው አሉን።

ተናድጄበት ኖሬያለሁ። አሁንም እናደድበታለሁ። በአንዲት ቃል? የእናትህን ፊት እያየህ፣ በአንዲት የልጅ ስድብ? እናቴ ከዚያ በኋላ ጸሎቷን አላቆመችም፣ ግን ድምፅ አውጥታ አትጸልይም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ተከፍቶ ሁሉም ሲዘምር እንኳ እሷ አፏን ዘግታ ትቆማለች። አፏን ፈርታው ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በየመንገዱ ሲመለስ፣ ወንድሜ ግን ሳይመጣ ሲቀር፣ አርሲ ነገሌ እህል ገበያ ጆንያ የሚሸከም አንድ ሰው ከወንድሜ ጋር ነበር የሚል ወሬ ሰማንና ሄድኩ። ሰውየው አንድ እግሩን ይጎትታል። "አከም ጂርታ" ብሎ ተቀበለኝ፤ ማን እንደሆንኩ ስነግረው ጆንያ አንጥፎ አስቀመጠኝ።

"እኔ ረዳቱ ነበርኩ" አለኝ። "ዝም ብሎ አይነዳም ነበር። ያወራል። ግራ፣ ቀኝ፣ ሱታ ይላል። አማራው ልጅ ኦሮምኛ ከየት አመጣህ ብዬ እስቅበት ነበር። ከማን ጋር ነው የምታወራው ስለው፣ ከእህቴ ጋር፣ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት ይለኛል።"

ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። ቁልቁለት ነበር። ከኩርባው ወዲያ ድልድዩ ፈርሶ ነበር፣ ማንም አልነገራቸውም። ሰውየው በበሩ ተወርውሮ እግሩ ተሰበረ። ወንድሜ መሪውን እንደያዘ ሄደ።

"ኩርባው ጋ ስንደርስ ምን ብሎ ነበር?" አልኩት።

"ግራ፣ ሰፊ" አለኝ። "ሱታ አላለም።"

የደራውን መንገድ ነበር የሚነዳው። እኔ ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።