ተራዬን የለቀቅሁላቸው እናት

በዚያ ቀን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሜሮን፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩን በፎጣ የያዘ አንድ ወጣት፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ በመስኮቱ መድኃኒት የምታቀብለው ሰሚራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ባለሙያና እማማ ፋጡማ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ሁላችንንም የምዘረዝረው ከመካከላችን አንዱ ይህን አንብቦ እኔ የማላውቀውን ያውቅ ይሆናል ብዬ ነው።

የሆነው ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። አሁን ፋሲካም አልፎ ክረምቱ እየገባ ነው። እኔ ግን እጃቸው ላይ ፌስታል ያንጠለጠሉ አሮጊት ባየሁ ቁጥር ዛሬም ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ ቢዛባ ይቅር በሉኝ።

ሜሮን የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ከወሰደች እንደ ማንኛውም ልጅ ትማራለች፣ ትጫወታለች፣ ከወንድሟ ጋር ትጣላለች። ካቋረጠች ግን ይጥላታል። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተተርትሯል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ በእኛ ቤት ዘይት ሊያልቅ ይችላል፣ የሜሮን መድኃኒት ግን አያልቅም።

ያን ሳምንት ግን ሁልጊዜ ከምንወስድበት ቦታ ጠፋ። «ነገ ይገባል» ሲሉኝ፣ በማግስቱም «ነገ ይገባል» ሲሉኝ፣ እቤት ያለው አለቀ። ሐሙስ ጠዋት የምትውጠው አልነበራትም። እጇን ይዤ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ስዞር አንዱ ጋ «አለ» አሉኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ሰዎቹን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው።

የዚያ ቤት አሠራር እንዲህ ነበር። ማዘዣ ወረቀታችንን እንደ አመጣጣችን ቅደም ተከተል መስተዋቱ ላይ እንደረድራለን። ሰሚራ ሰብስባ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ወረቀቱ ታይቶ፣ ማኅተም ተመትቶ ለየባለቤቱ ይመለሳል። መድኃኒቱ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ሆኖ የሚወጣው ግን በኋላ ነው፤ እሱም በተደረደርንበት ተራ። ሰሚራ ስም አትጠራም። «ቀጣይ» ነው የምትለው።

እማማ ፋጡማ ከእኔ ቀጥለው ነበር። ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ፣ የግራ እጃቸው ጀርባ በእሳት ተቃጥሎ የተጨማደደ እናት ናቸው። የሚቀመጡበት ስላልነበር ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሜሮንን አይተው ፈገግ አሉና «ስምሽ ማን?» አሏት።

«ሜሮን።»

«ማሻአላህ። እኔ ፋጡማ ነኝ» አሉና ከሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ለውዝ ፈትተው እጇ ላይ አፈሰሱላት።

እኔም ጨዋታ ጀመርኩ። «ብቻዎን ነው የመጡት እናቴ?»

«ልጄ አራስ ናት። ሌላ ጊዜ እሷ ናት የምታመጣኝ። ዛሬ ብቻዬን ወጣሁ» አሉኝ። ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ቁልቁል መኪና ይዘው፣ ከዚያ ወርደው ደግሞ በእግር እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወረቀቱ ከተመለሰልን በኋላ ሰሚራ «ቀጣይ» ስትል ተራው የኔ ነበር። የእናት ያህል ሰው እየተንቀጠቀጠ ቆሞ እንዴት እቀድማለሁ? ወደ ጎን ብዬ «ይቅደሙ እማማ» አልኳቸው። «አይ፣ ያንቺ ነው» አሉ። «ኧረ በመድኃኔ ዓለም፣ ይቅደሙ» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መስኮቱ አስጠጋኋቸው። ከረጢቱን ተቀበሉ። ሰሚራም በኦሮምኛ ጠዋትና ማታ ብላ አስረዳቻቸው። «አላህ ልጅሽን ያሽርልሽ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። ቀጥሎ የመጣውን ከረጢት እኔ ተቀበልኩ። እሱም ጠዋትና ማታ ነበር።

ሰው ተራ ሲለቅ ከረጢቱ ተራውን እንደማይለቅ ያኔ አንዳችንም አላሰብንም።

ቤታችን ፈላና በር ነው። እንደደረስን ሜሮን ውሃ ቀድታ መጣች። ከረጢቱን ስከፍት የሷ መድኃኒት ነጭ፣ ደልደል ያለ፣ መሐሉ ላይ መስመር ያለው ነው፤ ይሄ ግን ትንሽ፣ ክብ፣ ሮዝ ነገር ነው። አገላብጬ አየሁት። የፈረንጁን ጽሑፍ አላነበውም።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ነበር። «ምን ይገለባበጣል? ፋብሪካው ይለያያል እኮ። ስጫት!» አሉኝ።

«መልኩ ሌላ ነው እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ! ጨው እንኳ ሳትመረምሪ ወጥ ውስጥ አትጨምሪም። ልጅቷ ጠዋትም አልወሰደችም፣ አሁን ብትወድቅብሽስ?»

እውነታቸውን ነው። ባልሰጣት ልትወድቅ ነው፤ ብሰጣት ምን እንደምሰጣት አላውቅም። ክኒኑ መዳፌ ላይ ነው፣ ሜሮን አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ግራ የገባኝ ጊዜ የለም። በመጨረሻ ክኒኑን መልሼ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩና «ትንሽ ታገሽኝ የኔ ልጅ» ብዬ ልጄን ለእትዬ አስካለ ትቼ በባጃጅ ተመለስኩ።

ባለሙያው ከረጢቱን ከፍቶ እንዳየ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። «ውጣለች?» አለኝ።

«አልዋጠችም።»

«እርግጠኛ ነሽ? አንድም?»

«አንድም።»

ግንባሩን ጠረገ። የስኳር በሽታ መድኃኒት መሆኑን ነገረኝ። ስኳር የሌለባት ሕፃን ብትውጠው የሰውነቷ ስኳር ወርዶ ራሷን ልትስት ትችል ነበር። «ደግ አደረግሽ። የተጠራጠሩትን መድኃኒት ከነከረጢቱ ይዞ መመለስ ነው። ከተዋጠ ደግሞ ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል» አለኝ። የሜሮንን መድኃኒት አውጥቶ በእጁ ሰጠኝ፣ ደጋግሞም ይቅርታ ጠየቀኝ።

እኔ ግን መድኃኒቱን ይዤ አልወጣሁም። «የኔ ልጅ መድኃኒትስ የት ሄደ?» አልኩት።

ባለሙያው ወደ ሰሚራ ዞረ። ሰሚራ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የሰጠሁት ለአሮጊቷ ነው» አለች። «ቀጣይ ስል እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። አንቺን ነበር የጠራሁት።»

ባለሙያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እማማ ፋጡማ ስኳራቸው ያለ መድኃኒት እንደሚቆይ፣ በዚያ ላይ የሜሮንን መድኃኒት ሲውጡ እንደሚያፈዛቸው፣ ሊጥላቸውም እንደሚችል ነገረን። ስልክ ቁጥራቸው እዚያ ቤት አልተመዘገበም። ወረቀታቸው ከሳቸው ጋር ሄዷል። የአባታቸውን ስም ማንም አያስታውስም። ያለን ፋጡማ የሚለው ስም፣ ሻሹና የእጃቸው ጠባሳ ብቻ ነው።

መድኃኒቱን በባጃጅ ነጂው እጅ ለእትዬ አስካለ ላክሁና ከሰሚራ ጋር ኤረር በር ሄድን። የጉልት ሴቶቹን «ፋጡማ የሚባሉ እናት አላያችሁም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ቲማቲም የምትሸጠው «ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። «እኔ ፋጡማ፣ እሷ ፋጡማ፣ ያቺ ጥግ ያለችው ደግሞ ከነእናቷ ፋጡማ። የትኛዋን ነው?»

ሰሚራ በኦሮምኛ ነገሩን ስታስረዳቸው ሳቁ ቆመ። ለውዝ የምትሸጠው ሴት ተነስታ «ያ ረቢ! እጃቸው የተቃጠለው?» አለች። «ጠዋት ከኔ ለውዝ ገዝተዋል። ቅድም ተመልሰው ሰላም ብለውኝ መኪና ላይ ወጡ። መኪናው ሄዷል።»

«ሰፈራቸው የት ነው?»

«እኔ እንጃ እህቴ። ደንበኛ ናቸው እንጂ ዘመዴ አይደሉም።»

ሚኒባሱ እስኪመለስ ድረስ ቆመን ጠበቅን። ረዳቱ መጀመሪያ ሊሰማን አልፈለገም። «እናቴ፣ እኔ የማወርዳቸው አሮጊቶች ሁሉ ሻሽ አላቸው፣ ሁሉም ፌስታል ይዘዋል» አለ። ስለ እጃቸው ስነግረው ግን አስታወሰ። «ኩርባው ጋ፣ ቁልቋሉ ካለበት ወረዱ። ቁልቁል ሄዱ» አለን።

በማግስቱ ባለሙያው መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ከሰሚራ ጋር እዚያ ኩርባ ድረስ ሄደ። ትክክለኛውን መድኃኒት በኪሱ ይዞ ነበር። ሲመለሱ እንደነገሩኝ ከቁልቋሉ ሥር ቁልቁል የሚወርደው መንገድ አንድ አይደለም፤ እየተከፋፈለ ወደየመንደሩ ይሄዳል። የቻሉትን ያህል ጠየቁ። አራስ ያለበት ቤት እያሉም ፈለጉ። በየመንደሩ አራስ አለ፣ በየቤቱ ፋጡማ አለች። መድኃኒቱን መልሶ አመጣው።

እኔም ዝም አላልኩም። አንድ የመስጊድ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። የኔን ማተብ አይተውም ፊታቸውን አላዞሩብኝም። «ያንቺም እናት ናቸው፣ የኛም እናት ናቸው» ብለው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሕዝቡ አስነገሩልኝ። ጤና ጣቢያም ሄጄ ጠየቅሁ፤ «የአባት ስም ካላመጣሽ እንዴት እናገኛለን?» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲቆም ኤረር በር እየሄድኩ የሚወርዱትን አያለሁ። ቢጫ ሻሽ ሳይ እሮጣለሁ። ሌላ ሰው ናቸው።

ባለሙያው «መድኃኒቱ ሲያልቅባቸው ይመለሳሉ» ብሎ ያጽናናኝ ነበር። እኔም እሱን ያዝኩ። የሚያልቅበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈም። አልመጡም። ምናልባት ልጃቸው ከአራስ ቤት ወጥታ ሌላ መድኃኒት ቤት ወስዳቸው ይሆናል። ምናልባት የጤና ባለሙያ ወረቀታቸውንና ከረጢቱን አይቶ «ይሄ የእርስዎ አይደለም» ብሏቸው ይሆናል። ማታ ስጸልይ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው ራሴን የማባብለው። ሌላውን ምናልባት አፌን ሞልቼ አላነሳውም።

እትዬ አስካለ «አንቺ ምን አጠፋሽ? ታላቅ ማስቀደም ኃጢአት ሆነ እንዴ?» ይሉኛል። አይደለም፤ ነገም ቢሆን ታላቅ ቆሞ ሳየው ተራዬን እለቃለሁ። አሁን ግን ከረጢቱ ላይ የማን ስም እንዳለ ሳልጠይቅ ማንም እንዲሄድ አልፈቅድም። ያ መድኃኒት ቤትም ዛሬ ከረጢቱ ላይ ስም ይጽፋል፣ ሰሚራም ድምጿን ከፍ አድርጋ በስም ትጠራለች። ለኛ ጥሩ ሆነልን። ለእማማ ፋጡማ ምን ሆነላቸው?

ሜሮን ደህና ናት። መድኃኒቷን ስትውጥ አንዳንድ ጊዜ «ለውዝ የሰጡኝ እማማ ተሻላቸው?» ትለኛለች። የመረቁኝ ምርቃት ደርሷል፤ እሳቸው ግን ከቤታቸው በሰላም ስለመድረሳቸው እንኳ አላውቅም።

ይህን የምታነቡ፣ ከኤረር በር በታች ዘመድ ያላችሁ፣ በዚያ መንገድ መኪና የምትነዱ፣ በጤና ኬላ የምትሠሩ፦ የግራ እጃቸው ጀርባ የተቃጠለ፣ ስኳር ያለባቸው፣ በጥር ልጃቸው አራስ የነበረች እማማ ፋጡማን የምታውቁ ካላችሁ ያ ከረጢት እጃቸው ላይ ካለ ከነወረቀታቸው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ከዚያም እንዴት እንደሆኑ አሳውቁኝ። ፈላና በር መጥታችሁ የሜሮን እናት ቤት የት ነው ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ወሬው ምንም ይሁን ምን፣ ንገሩኝ።