«በሙሉ ድምፅ» እንዳይባል

የራጅ ሐኪም ነኝ። መንግሥትን በሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚያማክረው ጉባኤ አባል ስሆን የቡልቡላ ጎረቤቶቼ «ትልቅ ሰው ሆንሽ አይደል!» ብለው ቀልደውብኛል። ሰብሳቢያችን የቀድሞ መምህሬ ፕሮፌሰር ነበሩ። ራጅ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም «ልጄ» ነው የሚሉኝ።

ያን ቀን ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰብን። የምንነጋገረው የደረት ራጅ አይቶ የሳንባ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን ስለሚናገር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በየጤና ጣቢያው ሊገባ ታስቧል፤ ውጤቱም ሐኪም ሳያየው ለታካሚው ይነገራል። ጉዳዩን የያዙት ባለሥልጣን ከሰዓት በኋላ መጥተው ድጋፋችንን ሊቀበሉ ነው። መግለጫው ሳይቀር ተረቅቋል፤ «ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ደግፎታል» ይላል። ገና ማናችንም አልተጠየቅንም።

እኔ ግን ፕሮግራሙን አውቀዋለሁ። እኛ ሆስፒታል ለሙከራ ገብቶ ነበር። ገርጂ ልብስ የምትሰፋ አንዲት እናት ሳል ይዟት መጣች፤ ፕሮግራሙ ነቀርሳ አለባት አለ፤ እኔ ጋ ሳይደርስ ተነገራት። በኋላ ራጁን ሳየው ድሮ በነቀርሳ ታማ ከዳነች በኋላ የቀረ ጠባሳ ነው። የአክታ ምርመራውም ነፃ ናት አለ። እስከዚያ ግን ልጆቿን እህቷ ጋ ልካ ብቻዋን ቤት ዘግታ ከርማለች። «ዶክተር፣ ኮምፒውተርም ይሳሳታል እንዴ?» ስትለኝ በሷ ፈንታ ተናደድኩ።

ይህንኑ ለጉባኤው ተናገርኩ። «መጀመሪያ በእኛ ታካሚዎች ላይ በወጉ ይሞከር፤ እስከዚያ ሐኪም አብሮ ያንብብ» አልኩ። አንዳንዶቹ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። በሻይ ሰዓት ፕሮፌሰር ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን ሰውዬው ድጋፍ ፈልገው ነው የሚመጡት። ካኮረፉ ነገ የሚሰማን የለም።»

«ዛሬስ መቼ ሰሙን፣ ፕሮፌሰር?»

«እንግዲያው ዝም በይ። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?»

«አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እሳቸውን እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ።

ባለሥልጣኑ መጡ። ረቂቁ ሲነበብ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጄን አወጣሁ።

«ክቡርነትዎ፣ እኔ አልደገፍኩም። ሙሉ ድምፅ የለም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ዶክተር፣ ሀገር ወደ ኋላ እንድትቀር ነው የሚፈልጉት?»

«አይደለም። የዳነች ሴት ታመሻል ተብላ ከልጆቿ እንዳትለይ ነው የምፈልገው።» የልብስ ሰፊዋን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

ባለሥልጣኑ ወደ ፕሮፌሰር ዞሩ። «የምትለው ልክ ነው?»

ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አወለቁ። «ልክ ነው፤ እኔም መናገር ነበረብኝ» አሉ።

«በሙሉ ድምፅ» የሚለው ተሰረዘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለሁ በሬዲዮ ሰማሁት፤ ፕሮግራሙ የሚጀመረው ውጤቱን ሐኪም እያረጋገጠ ነው። ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከጉባኤው ጽሕፈት ቤት ተደወለልኝ። «የአባልነት ጊዜዎ አብቅቷል፣ እናመሰግናለን» አለችኝ ልጅቷ።

«አብረውኝ የተመረጡትስ ጊዜያቸው አብቅቷል?»

«እሱን አላውቅም፣ ዶክተር።»

አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ነገም ቢጠሩኝ ግን ያንኑ እላለሁ፤ ካልጠሩኝም ሳልጠራ እናገራለሁ።