አድራሻቸው የተደበቀ ቤቶች

ደላላ አልወድም። ቤት ስፈልግም አልወድም፣ ካገኘሁ በኋላም አልወድም። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ደንበኛዬ ሆኖ አረፈው! ቢሮው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር የሚጋራት ጠባብ ክፍል ናት። የሚከራዩ ቤቶችን በዌብሳይት ላሳይ ብሎ መጣ። እኔ ዳታቤዙን ልሠራለት፣ እሱ ደግሞ በክፍያው ፋንታ ቤት ሊፈልግልኝ ተስማማን። አከራያችን የባለቤቴን ሆድ አይታ "ልጅ የሚያለቅስበት ግቢ አልፈልግም፣ ልቀቁልኝ" ብላናለች። ባለቤቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ገና በመጀመሪያው ቀን ደሜን አፈላው። ለእያንዳንዱ ቤት የሚሞላውን አዘጋጅቼ አሳየሁት፤ አድራሻ፣ የክፍል ብዛት፣ ኪራይ፣ ውሃ፣ መብራት።

"አድራሻ የሚለውን አጥፋው" አለኝ።

"ቤት ያለ አድራሻ?"

"ኢንጂነር፣ አድራሻውን ካወቁማ እኔ ምን እሠራላቸዋለሁ? ራሳቸው ሄደው ያንኳኳሉ።"

ድርቅ አልኩበት። አድራሻ ካልተሞላ አልቀበልም እንዲል አድርጌ ሠራሁት። እሱ ሆዬ በሁሉም ላይ "ልደታ አካባቢ" እያለ ሞላልኛ! አብነት ያለውም ልደታ አካባቢ፣ ተክለ ሃይማኖት ያለውም ልደታ አካባቢ። ውሃ የሚለው ላይ "አለ"፣ መብራት የሚለው ላይ "አለ"። ፎቶዎቹን ከየት እንዳመጣቸው እንጃ፣ በአንደኛው መስኮት ባሕር ይታያል። ልደታ ላይ ባሕር! ኧረ በሕግ አምላክ! ሰውዬው ዳታቤዝ ያሠራው መረጃ ሊያስቀምጥበት ሳይሆን ሊደብቅበት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተንገላታሁት ለዚህ ነው እንግዲህ።

"አይዞህ፣ ያንተ ቤት እኔ ጋ ነው" ይለኛል ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ወዲያው ስልኩን አንስቶ ለሌላው ሰው ያችኑ ይደግማታል፣ እዚያው እኔ ፊት፣ ሳያፍር።

ሥራው ሊያልቅ አካባቢ፣ የሞላውን ቅጥፈት አንድ በአንድ ሳይ አንድ የተለየ ቤት አገኘሁ። አብነት መሆኑ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መሆኑ ሳይቀር ተጽፏል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣበት ቀን ተጠቅሷል። ኩሽናው ክረምት ላይ በበሩ በኩል ያፈሳል። መኝታ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ለሕፃን ጥሩ ነው። አከራይዋ ልጅ አይጠሉም፣ ኪራይ መጨመር ግን ይወዳሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይሄ ሰው እውነት መጻፍ ይችላል እንዴ? ለባለቤቴ አነበብኩላት። "በቃ፣ ይሄን ነው የምፈልገው" አለች።

ስነግረው ፊቱ ልውጥ አለ። "እሱ ይቅርብህ፣ ሌላ አሳይሃለሁ።"

ጮህኩበት። "አንድ የእውነት ቤት ቢኖርህ እሱንም ልትደብቀኝ? ካላሳየኸኝ ዌብሳይትህን እርሳው!"

"እሺ፣ ቅዳሜ እንሂድ" አለኝ።

ቅዳሜ ሦስታችን ሄድን። አላንኳኳም፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተው። ደላላ ቁልፍ ይይዛል፣ አልገረመኝም። ገባሁ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ካባ ደርቦ የቆመው ሙሽራ እሱ ነው። ከሳሎኑ ጋር በተያያዘችው ኩሽና ውስጥ ደግሞ ሙሽራይቱ ሕፃን አዝላ ወጥ ታማስላለች። ኪራይ የተጨመረበት እሱ ነው። የሚለቀውም እሱ ነው።

እሱ እቴ! ፎቶውንም ሚስቱንም እንዳላየ ሆኖ ማስጎብኘቱን ቀጠለ። "መኝታ ቤቱ በዚህ በኩል ነው፤ ጎረቤቱ ጨዋ ነው፤ ሳሎኑ ዕቃ በደንብ ይይዛል።" ድምፁ ያው በስልክ የሚያወራበት ድምፅ ነው። ናቅሁት። በገዛ ሚስቱ ፊት ቤቷን የሚያሻሽጥ ወንድ! ቤቱን ግን ወደድኩት። መኝታ ቤቱን ሳይ አልጋችን የት እንደሚገባ በዓይኔ እየለካሁ ነበር።

ባለቤቴ ወገቧን ይዛ መሐል ሳሎኑ ላይ ቆመች። "እዚህ ያሉት ሰዎችስ የት ይሄዳሉ?" አለችው።

"እነሱማ ሌላ ቤት አግኝተዋል" አላት ፈጠን ብሎ።

ሚስቱ ማማሰያውን እንደያዘች ዞረች።

"የት?" አለችው።