አምስት ቤት ያጠበቃት ቡሎን

ባለቤቴ ከአባቷ የወረሰችው መሬት ከወረታ ወደ ይፋግ ሲሄዱ ርብ ወንዝ ዳር ነው። ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርት ያበቅላል። እኔ ወረታ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በእርሻው ያለኝ ድርሻ ምክር መስጠት ነው። ምክሬን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

መጋቢት ላይ ወንዙ ሲቀጥን ውሃ በተራ ይሆናል። ተራውን የሚያዝዙት የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ፀሐይ ግባት የእኛ ተራ ነበር፤ ካለፈ የሚመለሰው በስምንተኛው ቀን ነው። ሽንኩርቱ ጠውልጎ ስለነበር ስምንት ቀን የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም።

የውሃ ሞተሩ የአምስት ቤት የጋራ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ገመዱን ስስበው ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን አንዲት ቡሎን ፈትቶ ውሃውን ማፍሰስ። የጣት ጫፍ የምታክል ቡሎን ናት። መፍቻ አስገብቼ ታገልኩ፤ ንቅንቅ የለም።

ለምን እንደማትነቃነቅ አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም እንጂ። ካቻምና ከአምስቱ አንዱ ሞተሩን አላልቶ መለሰ ተብሎ ሲታማ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩና «ሞተር የሚመልስ ሁሉ ቡሎኖቹን አጥብቆ ይመልስ» የሚል ደንብ ጻፍኩ። በእኛ አገር ደግሞ በውሰት ዕቃ ከመታማት ሞት ይሻላል። የሚመልሰው ያጠብቃል፤ የሚረከበው መላሹን ስለማያምን እንደገና ያጠብቃል። አንዱማ ምስክር ጠርቶ ነው የሚያጠብቀው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኛ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተረጋግተን ነው ያጠበቅናት።

ወሬው ተሰማና የሰፈሩ ወንድ ተሰበሰበ። አንዱ ናፍጣ አፈሰሰባት፣ ሌላው በመዶሻ ነረታት። የደብሩ ቄስ ጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆሙ።

«እሳት አስነኩት እንጂ! ብረት በልመና አይለቅም» አሉ።

ሁሉም «እውነትዎን ነው አባ» አለ። ፍም እስኪመጣ ድረስ ቤንዚን ስለሚባል ነገር ያሰበ አልነበረም። «ኧረ ቤንዚን ነው!» ብዬ ስጮህ እውነትዎን ነው ያለው ሁሉ ሸሸ፤ አባም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቀደሙት።

ከዚያ ተራው የሳይንስ ሆነ። በእንጨት መሬት ላይ ሥዕል ሥዬ፣ እጀታው በረዘመ ቁጥር ኃይሉ እንደሚበዛ አስረዳሁ። በአክብሮት ሰሙኝ። መፍቻው ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰክተን ሦስት ጎረምሳ ጎተተው። መፍቻው አመለጠና ሦስቱም ቦዩ ውስጥ በጀርባቸው ወደቁ። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ የወደቁት እነሱ ናቸው።

ቀትር ላይ ባለቤቴ መጣች። ከበን የቆምነውን አየችና «ይለቃል?» አለችኝ።

«አሁን፣ አሁን» አልኳት። ወደ ማሳው ወረደች። ልቤ ግን ፈርቶ ነበር፤ ያ ሽንኩርት የዓመት ድካሟ ነው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰው ሊያደርስ የመጣ ባጃጅ ነጂ ጠጋ አለ። መፍቻውን ተቀብሎ ቡሎኗን ወደ ማጥበቂያው በኩል ገፋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ኧረ እያጠበቅሃት ነው!» ብለን ጮህን።

«አዎ» አለ። «መጀመሪያ ትንሽ ካላጠበቋት አትለቅም።» በመዶሻ ሁለቴ ቀስ አድርጎ ነካት፣ አጠበቀ፣ መለሰ። ቋ አለች፤ ለቀቀች።

ጠላት የማረክን ያህል ጨፈርን። እኔም ውሃውን አፍስሼ፣ ገጥሜ፣ ገመዱን ልስብ ስል የውሃ አባት ከዘራቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ፀሐይ ገባች፤ ተራው የሌላ ነው» አሉ።

«አባቴ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይፍቀዱልኝ!»

«ፀሐይዋን ለምናት፤ እኔ ምን አገባኝ።»

ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ወደ ማሳው ወረድኩ። ከሃያው የሽንኩርት መደብ አሥራ ሁለቱ ረጥቧል። ባለቤቴና አራት ጎረቤቶቿ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ከወንዙ እየወጡ ነበር። በጀሪካን ለሚቀዳ ውሃ ተራ የለም፤ ከቀትር ጀምሮ ሲመላለሱ ውለዋል። በቀሩት ስምንት መደቦች ላይ ሽንኩርቱ ጠውልጎ መሬት ላይ ተኝቷል።

«ተፈታ?» አለችኝ።

«ተፈታ።»

«ስንት ሰው ሆናችሁ?»

ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ» አልኩ፤ አፈርኩ።

«እኛ አምስት ነበርን» አለችና የያዙትን ውሃ መደቡ ላይ ገልብጠው ሲጨርሱ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አሸከመችኝ።