ቅቤ የነካው ጸጉር

ልጄ ያገባችው ሞጣ ነው። በደወለች ቁጥር «ባጃጅ ላይ ዳር አትቀመጪ» እላት ነበር። «እማ፣ ሁሉም እናት እንዲህ ካለ ዳሩ ላይ ማን ይቀመጣል?» እያለች ትስቅብኛለች። የተሳፈረችበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ በጭንቅላቷ ወደቀች። ከቢቸና ተነሥቼ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ስደርስ ወደ ባሕር ዳር ልከዋት ነበር፤ ተከትዬ ሄድኩ። ከጆሮዋ በላይ ካለች ትንሽ ቁስል በቀር ምንም የሆነች አትመስልም። ትተነፍሳለች። አትነቃም።

«ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ አንጎሏ ክፉኛ ተናውጧል» አለን ሐኪሙ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። የባሏ ዘመዶች ከሞጣ በየቀኑ እየደወሉ «ነፍሷ ሳትወጣ አገሯ አስገቧት» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ «የአንጎሏን ሞገድ የሚጽፍ ማሽን አለ፤ ትነቃ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጠናል። ሐሙስ ተራ ይዤላታለሁ» አለ። አማቼም ለዘመዶቹ «ወረቀቱን ሳላይ አላንቀሳቅሳትም» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። የገባኝ ሐሙስ ጭንቅላቷን እንደሚያዩት ብቻ ነበር። ጸጉሯ ደርቆ ተንጨባርሯል። እንዲህ ሆና ለሰው አትታይም አልኩ። ደግሞም የተመታ ራስን ቅቤ ያበርደዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ረቡዕ ከሰዓት ነርሷ ዘወር ስትል ከገበያ የገዛሁትን ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አድርጌ፣ ቁስሉን እየተጠነቀቅሁ፣ እስኪቀልጥ በመዳፌ ያዝኩት። ከዚያ ሹሩባ ሠርቼ ሻሽ አሰርኩላት።

በማግስቱ ማሽኑን የምታሠራው ልጅ ሻሹን ገለጥ አድርጋ ቆም አለች። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ አፏ ፈጣን ልጅ ናት።

«ማነው እንደ ሙሽራ ያሰማመራት?»

ሹሩባውን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ቅቤ ላይ የማሽኑ ሽቦ አይይዝም። ቢይዝም ውሸት ነው የሚጽፈው። ማነው የቀባት?»

አንገቴን ደፋሁ። አማቼ አየኝና «እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ? ሹሩባውንም አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የእኔንም ትሠራልኛለህ» አለች። ግን አልሳቀችም። ተራው ለማክሰኞ ተላለፈ።

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። በእነዚያ አምስት ቀኖች ትንፋሿ ቆረጥ ባለ ቁጥር፣ ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ቆየሁ። ሹሩባውን ፈትቼ በሞቀ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኳት። ሦስተኛ ጊዜ ሳጥባት ከጸጉሯ ሥር ጠጠር ወጣ፤ የሞጣ መንገድ ጠጠር። በመሐረቤ ቋጠርኩት።

ማክሰኞ ልጅቷ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አናቷ ላይ ለጠፈች። ማሽኑ ላይ መስመሮች መሄድ ጀመሩ፤ ዝቅ ያሉ፣ ቀርፋፋ መስመሮች። ጆሮዋ ሥር አጨበጨበች። የጣቷን ጥፍር በእስክሪብቶ ተጫነች። መስመሮቹ እንደነበሩ ሄዱ።

«እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ይጥሯት።»

ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «ልጄ» አልኳት።

«እንደሱ አይደለም። ቤት እንደሚጠሯት፣ ጮክ ብለው።»

«አንቺ ልጅ! ከመንገዱ ውጪ!» አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም። ሕፃን ሳለች መኪና ሲመጣ የምጠራት እንደዚያ ነበር። ሁላችንም መስመሮቹን አየን። እንደነበሩ ሄዱ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ አስቀመጠን። «ለድምፅም ለሕመምም መልስ አላየንበትም። እንዲህ የሆኑት አብዛኞቹ ወደ ራሳቸው አይመለሱም። ዓይኗን ልትገልጥ ትችላለች፤ ታውቃችኋለች ማለት ግን አይደለም። ይህ ወረቀት ሁሉን ያውቃል ብዬም አልዋሻችሁም።»

«የቀባኋት እኔ ነኝ» አልኩት።

ግራ ገባው። አማቼ ቀስ ብሎ ሲያስረዳው «ባይቀቧትም ያው ነበር፤ ማሽኑ ያያል እንጂ አያድንም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የማገላብጣትም የማጥባትም እኔ ስለሆንኩ ቢቸና ወደ ቤቴ አመጣናት። በሁለተኛው ወር ዓይኗን ገለጠች። ጎረቤት እልል አለ። እኔ እልል አላልኩም። ከራስጌዋ ቆሜ አጨበጨብኩ። ዓይኗ ከጣራው ላይ አልተነሣም።

ሊጠይቁ የሚመጡ ሴቶች ጸጉሯን እየዳሰሱ ይቆጡኛል። «ምነው እቴ፣ ቅቤ ከቢቸና ገበያ ጠፋ? እናት እያላት ጸጉሯ እንዲህ ይድረቅ?»

«እቀባታለሁ» እላቸዋለሁ።

አልቀባትም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ንጹሕ ሻሽ አስርላታለሁ። እንደገና በማሽኑ እንያት ያለ ሰው የለም። ምናልባት ቢሉ ግን ተራዋ በእኔ እንዳያልፍ።